በክፉ ቀን የናረ ዋጋ

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ወደ አገራችን መግባቱ በተነገረ ጊዜ የነጭ ሽንኩርትና የሎሚ ዋጋ ወዲያው ናረ፤ የአፍ መሸፈኛማ ተደበቀ። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸቀጥ መደበቅን ከልክሎ ነበር፤ ዋጋ ያለ አግባብ የጨመሩ ሱቆችም ታሸጉ። ተገቢ ነው እንላለን። ነገር ግን አሻጊው የሚደርሰው ድኻው ባዶ እጁን ከተመለሰ በኋላ ነው።

ነቢዩ አሞጽ የገሠጻቸው ነጋዴዎች በሰንበት ሱቃቸውን ይዘጉ ነበር፤ ልባቸው ግን ከሚዛኑ አልተለየም። (እኛም እሑድ እንሰበሰባለን!)

ከመካከላችን በወላጆቹ ሱቅ የሚሸጥ አለ። አባቱ «ጨምርበት» ቢለው ምን ያድርግ? ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ የልጆችን መታዘዝ በጌታ ወስኖታል። እንግዲህ በአክብሮት፣ «አባባ፣ ይህን በትናንቱ ዋጋ እንሽጠው» ማለት አለመታዘዝ አይደለም።