ከሴራሚኩ ሥር ያለው ዕውቀት

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ሲመሠረት በሥሩ የተካተቱ ከተሞች ናቸው። አዲስ አበባን ታክከው ሲሰፉ ልስኑ አልቆ ሴራሚክ የሚጠብቅ ቤት ጠፍቶባቸው አያውቅም። ሴራሚኩን የሚያነጥፈው ወጣት ግን አብዛኛውን ጊዜ ሞያውን የቀሰመው ሲሚንቶ ከማቡካት ተነሥቶ፣ የባለሞያውን እጅ እያየ ነው። ከዚህ ልማድ ጀርባ ሞያ በእጅ እንጂ በትምህርት አይገባም የሚል እምነት አለ። እምነቱ ግማሽ እውነት ነው። ልምድ የሚያስተምረው ስህተቱን ማየት የቻለን ሰው ነው፤ የሴራሚክ ሥራ ደግሞ ስህተቱን ከሠሪው ይሸሽጋል።

አርስቶትል ሰው ግንበኛ የሚሆነው በመገንባት ነው ብሏል። እዚያው ላይ ግን መጥፎ ግንበኛም የሚወጣው በመገንባት እንደሆነ፣ ይህ ባይሆን አስተማሪ ባላስፈለገ ነበር ሲል አክሏል። እንጀራ ጋጋሪ አክንባሎውን ስታነሣ ጥፋቷን ወዲያው ታያለች። የሴራሚክ ሠራተኛ ግን ማጣበቂያውን አምስት ቦታ ጉብ ጉብ አድርጎ ቢለጥፍ፣ ወለሉ በውሃ ልክ ሲለካ ቀጥ ብሎ ይገኛል፤ እሱም ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ከሥር የቀረው ክፍተት የሚጋለጠው ከወራት በኋላ ነው፤ ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ ይሰጣል፣ ከባድ ዕቃ ሲወድቅበት ይሰነጠቃል። ያን ጊዜ ሠሪው ሌላ ሳይት ላይ ነው፤ ጥፋቱን የሚያየው የቤቱ ባለቤት ብቻ ይሆናል። ዓመታቱ እጁን ያፈጥኑለታል እንጂ ስህተቱን አያርሙለትም።

የሥልጠና ዋጋው እዚህ ላይ ነው። ጥሩ አሠልጣኝ ሠልጣኙ አሁን የለጠፈውን ሴራሚክ ሳይደርቅ ያስነሣውና ጀርባውን ገልብጦ ማጣበቂያው የት እንደያዘ፣ የት እንዳልነካ ያሳየዋል። ዕቃው የሰው በሆነበት፣ ሥራው በቁርጥ በተያዘበት ሳይት ይህን የሚፈቅድ የለም። ሥልጠና ምክንያትንም ይሰጣል። ሴራሚክ ዘፍዝፎ በቦያካ (በሲሚንቶ ብጥብጥ) መለጠፍ ውሃ ለሚመጥ የግድግዳ ሴራሚክ የሚያስኬድ ዘዴ ነው፤ እንዲህ ያለው ከክብደቱ 10 በመቶ በላይ ውሃ ሊመጥ ይችላል። ፖርሰሊን ግን ከግማሽ በመቶ አይበልጥም፤ ቦያካው ሰርጎ የሚጨብጠው ቀዳዳ ስለማያገኝ ለእሱ የተዘጋጀ ማጣበቂያ ይፈልጋል። ዘዴውን ብቻ የወረሰ ሰው ዕቃው ሲለወጥም የለመደውን ይደግማል። ምክንያቱን የተማረው ግን ዘዴውን ይለውጣል።

ጥበብ ስጦታ ናት፣ በትምህርት አትገኝም የሚል ካለ ኦሪት ዘጸአትን ይመልከት። ባስልኤል ለመገናኛው ድንኳን ሥራ ጥበብ የተሰጠው ከእግዚአብሔር ነው፤ ምዕራፍ 35 ላይ ግን ለእሱና ለኤልያብ የማስተማር ችሎታም በልባቸው እንዳኖረ ተጽፏል። በአገራችን ግን ባለ እጅ ሲናቅ ከመኖሩ የተነሣ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል። ዛሬ ስድቡ ቢቀርም «ለእጅ ሥራ ደግሞ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል?» የሚለው አባባል የዚያው ንቀት ቅሪት ነው። ለሐኪምና ለመሐንዲስ የማንጠይቀውን ጥያቄ ለሴራሚክ ሠራተኛ የምንጠይቀው፣ እጁ እንጂ አእምሮው የሚሠራ ስለማይመስለን ነው።

ሁለት ተቃውሞዎች ግን ክብደት አላቸው። አንደኛው፣ ሰርተፊኬት ይዞ ማንኪያ መያዝ የማይችል ሞልቷል የሚል ነው። እውነት ነው፤ የሚያስነቅፈው ግን ሴራሚክ ሳያስነጥፍ የሚያስመርቀውን ተቋም ነው፤ ተቃውሞው ራሱ የተሻለ ሥልጠና ይጠይቃል እንጂ ሥልጠና ይቅር አያሰኝም። ሁለተኛው ይበልጥ ይከብዳል፤ የዕለት ጉርሱን በቀን ሥራ የሚያገኝ ወጣት ወራት ሙሉ ያለ ገቢ መቀመጥ አይችልም። መልሱ ሥልጠናውን ወደ እሱ ማቅረብ ነው። በሥራ ላይ ላለ ሠራተኛ የቅዳሜና እሑድ አጭር ኮርስ ይበቃዋል፤ እጁ ቀድሞ ተፈትቷል፣ የጎደለው ምክንያቱ ነው። የሞያ ብቃት ምዘናም ሞያውን በሥራ ላይ ለተማረ ሰው በሩ ክፍት ነው። ኮርሱ ጥሩ መሆኑን ለመለየት አንድ ጥያቄ በቂ ነው፦ የለጠፍከውን አስነሥተው ጀርባውን አሳይተውሃል? ካላሳዩህ የከፈልከው ለወረቀቱ ነው።