ሽማግሌ ጠይቆ ስለ መጻፍ

ሽማግሌ ጠይቆ የትውልዱን ታሪክ የሚጽፍ ሰው፣ አስቀድሞ ያ ትውልድ ለምን ጉዳይ ሲቆጠር እንደ ኖረ መመርመር ይገባዋል። በበጌምድር ርስት በአባትም በእናትም ይወረስ ስለ ነበር፣ ከአቅኚው አባት ጀምሮ እስከ ራሱ ቆጥሮ የማያደርስ ሰው ድርሻውን ለመጠየቅ ይቸገር ነበር። የየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ይህን ሙግት ከዘጋው ወዲህ፣ የቆጠራው ዋና ጥቅም ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ሰባት ቤት መለየት ሆኖ ቀረ።

ስለዚህ በሽማግሌዎች አንደበት ለርስት የጠቀመው አያት ደምቆ፣ ያልጠቀመው ደብዝዞ ይገኛል። ከሁሉ ይልቅ የደበዘዘው ባለ እጁ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት አሠርተው በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ስላደረሱት ስለ ሴባስቶፖል መድፍ መጻሕፍት ሲያወሱ፣ የቫልድማየርንና የጓደኞቹን ስም ይነግሩናል፤ አብረዋቸው የደከሙት ያገራችን ሰዎች ስም ግን እምብዛም አይገኝም። ቀጥቃጭ ቡዳ እየተባለ ሲሰደብ በኖረበት አገር፣ ልጆቹ አያታቸውን ቢሸሽጉ ምን ይደንቃል?

እንግዲህ አንድ አዛውንት «ቅድመ አያታችን ቀጥቃጭ ነበሩ፤ ይህን ግን አትጻፍ፤ የልጅ ልጄ ገና አላገባችም» ቢሉ፣ ጠያቂው ምን ያድርግ? እውነት ነውና ይጻፍ የሚሉ አሉ። ነውሩን የምትሸከመው ግን ልጅቱ እንጂ ጸሐፊው አይደለም (የሐሰት ነውር መሆኑም ሸክሙን አያቀልላትም)። ስለዚህ ሳያስፈቅድ ማውጣት አይገባውም። በስፍራው ሌላ አያት ማስገባት ወይም «አልታወቀም» ማለት ደግሞ ሐሰት ነው፤ «እንዳይጻፍ ተለምኗል» ብሎ ማለፍ ይቻላል። ይህም ጥርጥር ያስነሣል የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። በእርግጥ ያስነሣል፤ አዛውንቱም ይህን አስቀድመው ሊነገራቸው ይገባል።