ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ አየር ትርዒት ስትሄዱ

ልጆቼ፣ በተለይ በአሜሪካ ልጅ የምታሳድጉ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ አርቪ (ማደሪያ ያለው መኪና) ተከራይታችሁ አገር ለማየት ስትነሡ አብዛኞቻችሁ የምታስቡት ባሕር ዳርቻውንና ዲዝኒን ነው። አልነቅፍም። አንድ ዓመት ግን መሪውን ወደ ዊስኮንሲን አዙሩና ኦሽኮሽ ግቡ። ከቺካጎ የሦስት ሰዓት፣ ከሚኒያፖሊስ የአምስት ሰዓት ያህል መንገድ ነው። በጁላይ መጨረሻ በዚያ ለአንድ ሳምንት በሚካሄደው የአየር ትርዒት 10,000 ያህል አውሮፕላን ወደ አካባቢው ይመጣል፤ ጎብኚውም ከ600,000 ይበልጣል።

ወደዚያ የምልካችሁ ለጩኸቱና ለጭሱ ብዬ አይደለም። እኛ ወላጆች «ሥርዓት ያዝ» ማለት እንወዳለን፤ ሥርዓት ምን እንደሚሠራ ግን ለልጁ አናሳየውም። ስለዚህ ሥርዓት ለእሱ የቁጣ ሌላ ስሙ ሆኖ ይቀራል። ኦሽኮሽ ሥርዓት ሰው በሰላም ሲያሳርፍ በዐይን የሚታይበት ቦታ ነው።

ትምህርቱን ከደጃችሁ ጀምሩት። አብራሪ ከመነሣቱ በፊት የማረጋገጫ ዝርዝሩን ይዞ አውሮፕላኑን ይዞራል። ጎማውን ያያል፣ ክንፉ ላይ የሚንቀሳቀሰውን ሁሉ በእጁ እያነቃነቀ ይፈትሻል፣ ከታንከሩ ትንሽ ነዳጅ በሚያሳይ ዕቃ ቀድቶ ውሃ ወይም ቆሻሻ አለመግባቱን በብርሃን ይመለከታል። ሺህ ጊዜ ቢበርም ወረቀቱን አይተወውም። አርቪም እንዲሁ ይዞራል። ዝርዝሩን ጻፉና ለታላቁ ልጅ ስጡት፤ እሱ እየጠራ እናንተ «አይቻለሁ» በሉ። ደረጃው ተሰብስቧል? አንቴናው ወርዷል? የውሃ ቱቦውና የመብራት ገመዱ ተነቅሏል? የጋዙ ቫልቭ ተዘግቷል? የፍሪጁና የመሳቢያው በር ተቆልፏል? የጎማው ንፋስ ተለክቷል? የመኪናውን ቁመት ደግሞ በጉልህ ጽፋችሁ ከመሪው ፊት ለጥፉ፤ ከድልድይ ሥር የሚያስብ ሾፌር ዘግይቷል። በየማረፊያው ይህን ማድረግ ይሰለቻል፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው ግን ለእንዲህ ያለው ነው።

ቡና ወዳዶች ስለሆንን ይህን አስረግጬ ልናገር። አርቪ ውስጥ ከሰል አይነደድም፤ መስኮት ቢከፈትም አይነደድም። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ጠባብ ቤት ውስጥ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይቀራል። የጄኔሬተር ጭስም ያው ነው። መርዙን የሚጠቁመው መሣሪያ መሥራቱን ከመነሣታችሁ በፊት ተጭናችሁ አረጋግጡ። ረከቦቱን ከውጭ ዘርጉት፤ ጎረቤትም አይቶ ይመጣል፣ ቡናውም ይደምቃል።

የትርዒቱ የመኪና ሰፈር ሰፊ የሣር ሜዳ ነው፤ አብዛኛው ቦታ የመብራትም የውሃም መስመር የለውም። ውሃችሁን ሞልታችሁ፣ የቆሻሻ ታንከራችሁን ባዶ አድርጋችሁ ግቡ። በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ያዙ፤ ፍሪጅ አይፈልጉም፣ ልጅንም ያስታግሳሉ። ዝናብና ነጎድጓድ በድንገት ሊመጣ ስለሚችል የመኪናውን የጥላ መጋረጃ ዘርግታችሁ ወደ ሜዳ አትሂዱ። ለሕፃናት የጆሮ መከለያ አትርሱ፤ ጄት በቅርብ ሲያልፍ ድምፁ ለአዋቂም ጆሮ አይበጅም። እናትና አባታችሁም አብረዋችሁ ካሉ ጥላ ሥር ወንበር አመቻቹላቸው እንጂ ሜዳውን ሁሉ አታዙሯቸው።

ከዚያ ልጆቹን ይዛችሁ ማኮብኮቢያው አጠገብ ተቀመጡና አውሮፕላን ሲያርፍ እዩ። ከከተማው ደቡብ ምዕራብ ፊስክ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች በዚያ መሬት ላይ ቆመው የሚመጣውን አውሮፕላን በቀለሙና በክንፉ አቀማመጥ ይለያሉ፤ በሬዲዮም ክንፉን እንዲያወዛውዝ ያዙታል። አብራሪው በቃል አይመልስም። ክንፉን ግራና ቀኝ ካወዛወዘ ሰምቷል ማለት ነው። ማኮብኮቢያው ላይ ባለቀለም ትልልቅ ነጥቦች ተቀብተዋል፤ አንዱ አረንጓዴው ላይ፣ ሌላው ብርቱካናማው ላይ እያረፈ አንዱ ማኮብኮቢያ በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ አውሮፕላን ያስተናግዳል። በዚያ ሳምንት የኦሽኮሽ መቆጣጠሪያ ማማ በዓለም እጅግ ሥራ የሚበዛበት ማማ ይሆናል። ልጁ «ለምን በአፉ አይመልስም?» ብሎ ይጠይቃችሁ ይሆናል። ቶሎ አትንገሩት፤ ሁሉም ቢመልስ ሬዲዮው ምን እንደሚሆን ራሱ ያስብ። ከሰዓት በኋላ በሰማይ የሚገለባበጡት አውሮፕላኖች ሲጀምሩም ለምን እላያችሁ ላይ እንደማይመጡ አስተውሉ። እንደ አውሮፕላኑ ፍጥነት ከ500 እስከ 1,500 ጫማ ከሕዝቡ እንዲርቁ፣ አደገኛውን እንቅስቃሴም ወደ ተመልካቹ እንዳያዞሩ ደንብ አለባቸው።

ቀኑን ሁሉ ግን ሰማይ ሰማይ አትዩ። ትርዒቱን የሚያዘጋጀውን ማኅበር ፖል ፖበሬዝኒ በ1953 እ.ኤ.አ. ሚልዋኪ ላይ ሲመሠርተው አባላቱ አውሮፕላን በገዛ እጃቸው በየጋራዡ የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ። ትርዒቱ ወደ ኦሽኮሽ የመጣው በ1970 ነው። ዛሬም ሠሪው ከሠራው አጠገብ ወንበር ዘርግቶ ይቀመጣል፤ ከጠየቁት ደስ ይለዋል። እዚህ ላይ ይሉኝታችሁን ያዝ አድርጉት። «ሰውየውን አታስቸግር» እያላችሁ ልጁን አትጎትቱት። ይጠይቅ፤ ሳያስፈቅድ ግን አይንካ። ለልጆች በተዘጋጀው ክፍል ደግሞ ብረት በሪቬት ሲያያዝ በእጃቸው ይሞክሩ።

እግረ መንገዳችሁን ሲ-47 ፈልጋችሁ አሳዩአቸው፤ በመንገደኛ ስሙ ዲሲ-3 የሚባለው ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በዲሴምበር 1945 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ ኤፕሪል 8 ቀን 1946 በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተረፈ እንዲህ ባለ አውሮፕላን ነው። ያ አውሮፕላን ዛሬም አልሞተም፤ እዚያው ኦሽኮሽ ባስለር የሚባል ድርጅት አዲስ ሞተር እየገጠመለት ወደ ሥራ ይመልሰዋል። ስለ ጆን ሮቢንሰንም ንገሯቸው። በቺካጎ አብራሪነትን የተማረና ያስተማረ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። በ1935 ኢትዮጵያ ድረስ መጥቶ የጣሊያን ወረራ ሲነሣ ለንጉሠ ነገሥቱ በረረ፤ ከነፃነት በኋላም ተመልሶ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎችን አሠለጠነ። በ1954 ያረፈውም አዲስ አበባ ነው። ልጆቻችሁ የበረራ ታሪክ የሌሎች ሰዎች ታሪክ ብቻ እንዳይመስላቸው ይህን ከእናንተ አፍ ይስሙ።

ልጁ ፍላጎት ካደረበት በዚያው አይቅር። ያው ማኅበር ከ1992 ጀምሮ ያንግ ኢግልስ በሚለው ፕሮግራሙ ከ8 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆችን በፈቃደኛ አብራሪዎች በነጻ ያበርራል፤ እስካሁን ከ2 ሚሊዮን በላይ አብርሯል። በየከተማው ቅርንጫፍ ስላለው በአቅራቢያችሁ ያለውን ፈልጉ።

የዘንድሮው ካለፋችሁ ለከርሞው ከአሁኑ ቦታ ያዙ። ገንዘብ ካጠረ አርቪው ይቅርና በድንኳን እደሩ፤ እሱም ካልተቻለ ለአንድ ቀን ደርሳችሁ ተመለሱ። ዋናው ነገር ልጆቹ ደንብ ሰው ሲጠብቅ በዐይናቸው እንዲያዩ ነው። እናንተም ስልካችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱና ሲጠይቋችሁ መልሱላቸው።