ቅጠሉም ሰበብ፣ ኪኒኑም ሰበብ

 

የዛሬው ጥያቄ ከቤታችን አይርቅም። ግቢያችሁ ጥግ ላይ ጤና አዳም ይኖር ይሆናል። ኮንዶሚኒየም ከሆናችሁ ደግሞ በረንዳ ላይ፣ በተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ በሶብላ ወይም ናና አለ። ጥቁር አዝሙድማ ከጓዳችን አይጠፋም። እንግዲህ እናታችሁ የስኳር ታማሚ ናቸው እንበል። ሐኪም ያዘዘላቸውን ኪኒን በሰዓቱ ይወስዳሉ። አንድ ቀን በቴሌግራም እንዲህ የሚል መልእክት ይደርሳቸዋል፦ «ኪኒኑን ተዉት፣ ጥቁር አዝሙድ ይበቃል። ኢማኑ የጠነከረ ሰው ኪኒን አይውጥም።» እናታችሁ ስልኩን ይዘው ወደ እናንተ ይመጣሉ። ምን ትሏቸዋላችሁ?

ነገሩን ከባድ የሚያደርገው መልእክቱ እውነት የተቀላቀለበት መሆኑ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ጥቁር አዝሙድ ውስጥ ከሞት በስተቀር ለሁሉም በሽታ ሺፋ እንዳለ መናገራቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። አምነን ተቀብለናል። ነገር ግን ሐዲሱን ዕድሜያቸውን ሙሉ ያጠኑት ዑለማዎች እንዴት ተረዱት? አል-ኸጧቢይ ቃሉ ጥቅል ቢሆንም የተፈለገበት የተወሰነ የበሽታ ዓይነት ነው ብለዋል። ኢብኑል ቀይምም ወደዚሁ አዘንብለዋል። «ሌላውን መድኃኒት ጣሉ» የሚለው ደግሞ ሐዲሱ ውስጥ የለም። መልእክቱን የጻፈው ሰው ከራሱ ጨመረው። በነቢዩ ስም ጭማሪ መናገር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ተወኩል ምን እንደሆነ ለማወቅ በረንዳችሁ ላይ ያለችውን ዕቃ ተመልከቱ። በሶብላ ዘርታችኋል። ውኃው እንዲወርድ ሥሯን በስታችኋል፣ ፀሐይ የሚያገኛት ቦታ አስቀምጣችኋታል፣ አበባ ሲመጣ ቅጠሏ እንዲበዛ ጫፏን ትቀነጥባላችሁ። ግን ዘሩን ከአፈር ውስጥ ሰንጥቃችሁ ያወጣችሁት እናንተ ናችሁ? አላህ በሱረቱል ዋቂዓ ስለምንዘራው ነገር የሚጠይቀን ይህንኑ ነው። መልሱን ስላወቃችሁ ግን ውኃ ማጠጣት አላቆማችሁም። «አላህ ካለ ይበቅላል» ብሎ ለሳምንት ሳያጠጣ የከረመ ሰው የሚያገኘው የደረቀ ግንድ ነው። ግመሉን ሳያስር በአላህ ሊመካ ለፈለገው ሰው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መጀመሪያ እንዲያስራት፣ ከዚያ እንዲመካ እንደነገሩት ቲርሚዚይ ዘግበዋል። ለእናታችሁ ኪኒኑ ያ ገመድ ነው።

«ኪኒን ኬሚካል ነው፣ ቅጠል ግን አላህ የፈጠረው» የሚል ይኖራል። ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ኪኒን ታውቁታላችሁ። መነሻው ጋሌጋ የተባለ፣ አውሮፓ ውስጥ ለባህል ሕክምና ያገለግል የነበረ ተክል ነው። ተክሉ ስኳርን ዝቅ የሚያደርግ ነገር ቢኖረውም መርዝነትም ነበረው። ሰዎች መርመሩት፣ ጉዳቱ ያነሰ ተመሳሳይ ውሁድ በላብራቶሪ ሠሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1957 ፈረንሳይ ውስጥ ለሕሙማን መሰጠት ጀመረ። ቅጠሉን የፈጠረ ጌታ ያንን የመረመረውን አእምሮም ፈጥሯል። ሺፋው ከቅጠሉም ከኪኒኑም አይመነጭም፤ ሁለቱም ሰበብ ናቸው። ቅጠሉን መምረጥ ብቻውን የኢማን ምልክት ሊሆን አይችልም።

በሌላ በኩል ደግሞ የተማርን ነን ብለን በአያቶቻችን ዳማከሴ የምንስቅ አለን። ይህም ኪብር ነው። ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ የወባ መድኃኒት ፍለጋ የገባችው ከ1600 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የባህል ሕክምና መጽሐፍ ውስጥ ነበር። ከዚያ ያገኘችው ፍንጭ አርቴሚስኒንን ለማውጣት ረዳት፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት አገኘች። ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት ዛሬም የዚያን ተክል ሻይ ለወባ ሕክምና አይመክርም፤ በአንድ ሲኒ ሻይ ውስጥ ያለው መጠን አይታወቅምና። የእኛው ኢብኑል በይጧርም ወደ 1400 የሚጠጉ መድኃኒቶችን የመዘገበ ሊቅ ነበር። ከማላጋ ተነስቶ አገር ላገር እየዞረ ዕፅዋትን በዓይኑ አይቶ መረመረ፣ እ.ኤ.አ. በ1248 ደማስቆ ሞተ። «ይባላል» ብሎ ማለፍ አልበቃውም። እኛ ግን አንድ ቁልፍ ተጭነን ለሁለት መቶ ሰው እናስተላልፋለን።

እዚህ ላይ የሚያስፈራ ሐዲስ አለ። በሕክምና ሳይታወቅ ሰውን ያከመ ሰው ለሚደርሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን አቡ ዳውድና ነሳኢይ ዘግበዋል። «ኒያዬ ጥሩ ነበር» ማለት ከተጠያቂነት አያድንም። ለምሳሌ ጤና አዳም ቡና ላይ ጣል ሲደረግ ደስ ይላል፤ ነፍሰ ጡር እህታችን በብዛት ብትጠጣው ግን ፅንስ ሊያስወርድ ይችላል። ጭማቂው ቆዳ ላይ ቀርቶ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፣ ውኃ ያስቋጥራል። ጥቁር አዝሙድም የደም ስኳርን ዝቅ ሊያደርግ ስለሚችል፣ ከኪኒን ጋር የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ መንገር አለበት።

ስለዚህ እናታችሁን እንዲህ በሏቸው፦ «እማ፣ ጥቁር አዝሙዱን ዳቦ ላይ እንነሰንሰዋለን፣ ኪኒኑንም ትወስጃለሽ፣ ሺፋውን ከአላህ እንለምናለን። መድኃኒት አድርገሽ ልትወስጂው ከፈለግሽ ግን አብረን ሐኪምሽን እንጠይቅ።» መልእክቱንም ለሌላ ሰው አታስተላልፉ።

አትክልቱን ግን ትከሉ። ከጎረቤት ጤና አዳም ቅርንጫፍ ለምናችሁ አፈር ውስጥ ሰኩት፣ በቀላሉ ሥር ያወጣል፤ ውኃ አታብዙበት። ናናን ለብቻው ዕቃ ስጡት፣ ካልሆነ ሌላውን ይውጠዋል። ኮሰረትና በሶብላ ስታደርቁ ሽታቸው እንዳይጠፋ ጥላ ውስጥ ይሁን። ሙስሊም ከተከለው ነገር ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላ ሰደቃ እንደሚሆንለት ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ለጎረቤት ሾርባ የምትቆርጧት አንድ እፍኝ ድንብላልም ከዚህ ውስጥ ናት። ምግብ አድርጋችሁ ስጡ፣ በፍቅር ስጡ። «ያድንሃል» ብላችሁ ለመስጠት ግን ዕውቀት ይቅደም።

ዛሬ ጁሙዓ ነው፣ በነቢያችን ላይ ሰለዋት እናብዛ። አላህ ሕመምተኞቻችንን ይማርልን፣ የምናውቀውን የምንናገር፣ የማናውቀውን የምንጠይቅ ያድርገን። ኣሚን።