የሳንባ ምች ክትባት፦ ምጽዋት ወይስ ዕዳ?

አንድ መድኃኒት ከተገኘ በኋላ የሚያስፈልገው ሰው ሳይደርሰው ቢቀር፣ መዘግየቱ የዕድል ጉዳይ ነውን? ወይስ ተጠያቂ ያለው በደል? ውድ አንባብያን፣ ይህ ጥያቄ ከመጻሕፍት ብቻ የሚነሣ አይደለም፤ በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ በአያት፣ ልጇን አዝላ ወደ ጤና ጣቢያ የምትሄደውን እናት ሁሉ የሚነካ ጥያቄ ነው።

ሳንባ ምችን ከሚያመጡት ባክቴሪያዎች ዋነኛው ኒሞኮከስ ይባላል። ራሱን በስኳር ልባስ ይሸፍናል፤ ዕድሜው ከሁለት ዓመት በታች የሆነ ሕፃን የመከላከያ ኃይል ደግሞ ይህን ልባስ ለመዋጋት ገና አልበሰለም። ጠበብት ስኳሩን ከፕሮቲን ጋር በማጣመር የሕፃኑ ሰውነት ጠላቱን እንዲለይ አደረጉ። የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ክትባት እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ ተፈቀደ፤ በኢትዮጵያ መደበኛ ክትባት ውስጥ የገባው ግን በ2004 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ2011 ነው።

ነገሩ ከመዘግየትም ያልፋል። የባክቴሪያው ዝርያዎች ከ90 በላይ ሲሆኑ፣ የመጀመሪያው ክትባት የያዘው 7ቱን ብቻ ነበር። በቁጥር 1 እና 5 የሚታወቁት፣ በአፍሪካ ብዙ ሰው የሚያጠቁት ዝርያዎች አልተካተቱም። ይህ የሆነው በክፋት ነው አንልም፤ ነገር ግን በዝግጅቱ ጊዜ የማን ሕፃን በቅድሚያ እንደታሰበ ያሳያል።

እዚህ ላይ ተቃውሞ ይነሣል፤ ቀላል ተቃውሞም አይደለም። ምርምር ብዙ ገንዘብና ዘመን ይጠይቃል፤ የደከመበት ሰው ዋጋውን ካላገኘ ነገ ማን ይመራመራል? እውነት ነው። ሆኖም የሠሪው መብት ዋጋው እንዲከፈለው ይጠይቃል እንጂ፣ ከፋዩ ድኻው ሕፃን እንዲሆን አያስገድድም። ጣሊያን፣ ብሪታንያ፣ ካናዳ፣ ሩሲያ፣ ኖርዌይና የጌትስ ፋውንዴሽን 1.5 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል አስቀድመው የገቡት ቃል እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ ላይ ሲውል፣ አምራቾች ገበያ እንዳላቸው አረጋግጠው ክትባቱን ለድኾች አገሮች በዝቅተኛ ዋጋ ለማቅረብ ተስማሙ። ቁጥር 1ን እና 5ን ጨምሮ 10 ዝርያዎችን የያዘው ክትባት ወደ አገራችን የገባው በዚህ መንገድ ነው። እንግዲህ የሠሪው መብትና የሕፃኑ ሕይወት ሊታረቁ እንደሚችሉ ከታየ፣ «አይቻልም» የሚለው ምክንያት ወድቋል።

ምጽዋት የሰጪውን በጎ ፈቃድ ይጠብቃል፤ ዕዳ ግን የተቀባዩን መብት ይመለከታል። ሕይወት የሚያድን ነገር በእጅ ካለና ማድረሻው መንገድ ከታወቀ፣ መስጠቱ ዕዳ ነው።

ዕዳው ግን የባዕዳን ብቻ አይደለም። ሕፃኑን በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ማስከተብ የወላጅ ድርሻ ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለጉንፋን ሁሉ አንቲባዮቲክ የሚውጥ ሰው፣ መድኃኒቱን የተላመደ ባክቴሪያ ለጎረቤቱ ልጅ ሊያተርፍ ይችላል። ሊቃውንቶቻችንም በአገራችን ሕፃናት የትኞቹ ዝርያዎች እንደሚበዙ ተግተው ያጥኑ፤ ያለዚያ ቀጣዩ ክትባት ሲዘጋጅ ስለ ልጆቻችን የሚናገር አይኖርም።