ጎማው የማን ነው?

ጎማ መምረጥ የሞራል ጥያቄ ነው ስል የሚስቅብኝ አይጠፋም። የበረዶውን ወራት ዴንቨር ያሳለፈ ሰው ግን ቶሎ የሚስቅ አይመስለኝም። ከከተማው ወደ ምዕራብ የሚወጣው አይ-70 መንገድ 3,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለውን የአይዘንሃወር ዋሻ አልፎ ቁልቁል ይወርዳል። ቅዳሜ ጠዋት እዚያ መንገድ ላይ ያለ ሁሉ ከኋላው የሚመጣውን ሰው ጎማ አምኖ ነው የሚነዳው።

አንድ ጓደኛዬ ፒካፕ አለው። በበጋ ጭቃና ድንጋይ ውስጥ ይገባበታል፣ በበረዶው ወራት ደግሞ በዚሁ መንገድ ስራ ይመላለሳል። አሁን ጥርሱ የገዘፈ፣ ክፍተቱ ጣት የሚያስገባ የጭቃ ጎማ ሊገዛለት ነው። "ይሄን የመሰለ ጎማ በረዶ ያቅተዋል እንዴ? ደሞ ፎር ዊል ነው" ይላል። አልፈርድበትም፤ ጎማው ሲያዩት ያስፈራል።

የጭቃ ጎማ የተሰራው ጭቃውን ቆርሶ ወደ ጎን እንዲተፋ ነው። ገና የወረደ ጥልቅ በረዶ ላይ ይሄ ጠባዩ ይጠቅማል፣ ቆፍሮ ይወጣል። ዋናው መንገድ ላይ የሚገጥመን ግን መኪና ሲመላለስበት ያደረ፣ የተጠቀጠቀ፣ ቦታ ቦታውን መስታወት የሆነ በረዶ ነው። እዚያ ላይ የሚይዘው ጥርሱ ላይ በምላጭ የተሰነጠቁ የሚመስሉት ቀጫጭን መስመሮችና በብርድ የማይደርቅ ላስቲክ ነው። ለሙቀት የተሰራ ላስቲክ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች እየጠነከረ ይሄዳል። (እኛ ከሰማይ የሚወርደውን ጠጠርም፣ ብናኙንም፣ የረጋውን ውሃም "በረዶ" ብለን እንገላገላለን። ጎማ ግን ለየብቻ ነው የሚያውቃቸው።)

ጎማው ጎን ላይ ያለው ምልክትም ያደናግራል። "ጭቃና በረዶ" ለማለት የሚጻፈው ኤም ፕላስ ኤስ በጥርሱ ቅርጽ ብቻ የሚሰጥ ነው። አምራቹ ራሱ ይጽፈዋል፣ በረዶ ላይ ተፈትኖ ማለፍ አይጠበቅበትም። በኛ ሙያ፣ ኮዱን የጻፈው ሰው አንድም ቴስት ሳያስኬድ "ይሰራል" ብሎ እንደማስረከብ ነው። ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ ውስጥ የበረዶ ቅንጣት ያለበት ምልክት ግን በፈተና ይገኛል፤ በተጠቀጠቀ በረዶ ላይ ከማነጻጸሪያው ጎማ ቢያንስ 10 በመቶ በልጦ መያዝ አለበት። እንደ ቢ.ኤፍ. ጉድሪች ኬኦ2 ያሉ፣ ድንጋይም ጭቃም የሚችሉ ሆነው ይህን ምልክት ያገኙ ጎማዎች አሉ።

ይሁንና ይሄም ፈተና የሚለካው መኪናው ሲነሳ ጎማው ምን ያህል እንደሚይዝ ነው። ሲቆም አይለካም፣ ሲታጠፍም አይለካም። ፎር ዊልም እንደዚያው ነው፤ ለመነሳት ያግዛል፣ ፍሬን ሲያዝ ግን ሁሉም መኪና በአራት ጎማው ነው የሚቆመው።

መነሳት የኔ ጉዳይ ነው፤ ካልተነሳሁ ከስራ የምቀረው እኔ ነኝ። መቆሜ ግን ከፊቴ ያለውን ሰው ይመለከታል፣ እሱ ደግሞ ጎማ ስገዛ አልተጠየቀም። ስሌቱን እንስራው። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄዱ ሁለት መኪኖች እኩል ፍሬን ያዙ እንበል። የአንዱ ጎማ በረዶው ላይ ያለው የሰበቃ መጠን 0.3፣ የሌላው 0.2 ይሁን። የመጀመሪያው 47 ሜትር ገደማ ላይ ይቆማል። ሁለተኛው እዚያው ቦታ ሲደርስ ገና በ35 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየሄደ ነው። የመኪናው ክብደት ከስሌቱ ውስጥ ተጣፍቶ ይወጣል፤ ስለዚህ "የኔ ከባድ ስለሆነ መሬት ይይዛል" የሚለው አያስኬድም። ክብደቱ ተመልሶ የሚመጣው ሲመታ ነው።

"ህጉ ከፈቀደልኝ አንተ ምን አገባህ?" ብሎኛል ጓደኛዬ። እውነቱን ነው፣ ህጉ ይፈቅድለታል። የኮሎራዶ ህግ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 በዚህ መንገድ ተራራማ ክፍል ላይ ኤም ፕላስ ኤስን ይቀበላል፤ ጥርሱ ቢያንስ 3/16 ኢንች፣ ማለትም ወደ 4.8 ሚሊ ሜትር፣ ይኑረው እንጂ። የጣሰ ይቀጣል፣ ተንሸራቶ መንገድ የዘጋ ደግሞ ከ650 ዶላር በላይ ሊቀጣ ይችላል። ህጉም አብዝቶ የተጨነቀው መንገዱ እንዳይዘጋ ይመስለኛል። የተፈቀደውን ያህል ማድረግና ለሰው የሚገባውን ማድረግ አንድ ከሆኑ፣ ከህጉ ሌላ ማሰብ ባላስፈለገ ነበር።

እንዲህ ስል ሁሉም ሰው ላይ እኩል መፍረዴ አይደለም። ከአውሮራ ተነስቶ በአሮጌ ካምሪ ሰው ወደ ተራራው የሚያደርስ ሹፌር አለ፤ ያንን የበረዶ ጎማ የሚገዛበት ገንዘብ የቤት ኪራዩ ነው። እሱ ያለው ምርጫ ቀስ ብሎ መንዳት ወይም የዚያን ቀን ገቢ መተው ነው። የጓደኛዬ ሁኔታ ሌላ ነው። የጭቃውን ጎማ ከወደደ ለበረዶው ወራት ሌላ አራት ጎማ ከነቸርኬው ማስቀመጥ ይችላል፤ እየተፈራረቁ ስለሚሰሩ ሁለቱም ቶሎ አያልቁም። ካልሆነ ምልክቱ ያለበትን አንድ ጎማ ወስዶ፣ ጭቃው ላይ ትንሽ ይቅርበት። ቁልቁለቱ ላይ ከፊቱ የሚያገኘው ያንኑ ካምሪ ሊሆን ይችላል፣ የኋላ ወንበሩ ላይ ተሳፋሪ የያዘ።