ጆሮ የማይለየው

ድጓ በቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት በዙር አምባ በሚመሰከርበት በደቡብ ጎንደር ደጋ፣ ጆሮ የማይለየውን የፊደል ልዩነት ዐይን ይጠብቀው ዘንድ መምህራን ያስተምራሉ፤ በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ሠረቀ «ፀሐይ ወጣ» ማለት ሲሆን፣ በእሳቱ ሰ ግን የሌባን ሥራ ይናገራልና። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ፣ ነፍስ የምትናፍቀው ድኅነት፣ ብዙኃኑ ኀ በሃሌታው ሀ ተለውጦ በየደብዳቤው ሲጻፍ፣ መዳን መሆኑ ቀርቶ ማጣት ሆኖ መነበቡ ነው።

ታዲያ እግዚአብሔር ልብንና ኵላሊትን የሚመረምር ከሆነ፣ ሐሳቡ የቀና ጸሐፊ በፊደል ስሕተት ይወቀሳልን? በጸሎቱስ አይወቀስም፤ ልመናው የሚደርሰው ልብን ወደሚያይ አምላክ ነው። ደብዳቤ ግን ልባችንን ወደማያይ ሰው የሚላክ ስለ ሆነ፣ በሩቅ አገር ተቀምጦ ለሚያነበው ወንድሙ ከፊደሉ በቀር ሌላ ምስክር የማይልክለት ጸሐፊ፣ ያን ምስክር አጥርቶ መስጠት የፍቅር ዕዳ አለበት።

አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ከመምህራቸው ከመምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ተረክበው የደከሙበትን የግእዝ መዝገበ ቃላት ሳያሳትሙ ቢያርፉ፣ ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት ያበቁት፣ ይህንኑ ዕዳ ለማያውቁት አንባቢ ሲከፍሉ ነው።